የመዳቡ ሕዝብ

ወገኖቼ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በሮም ከተማ አንድ ሰው ነበረ። መዳብ ላይ በሹል ብረት ሥዕል እየቀረጸ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ የሚያትም ባለሙያ ነው። አንድ ባለጸጋ ጠራውና፣ «የጥንቶቹ ሮማውያን በሠረገላ የሚሽቀዳደሙበትን ሜዳ እንደ ድሮው አድርገህ ሥራልኝ» አለው።

ሜዳው የት አለና! ሄዶ ቢያየው ጎመን ተተክሎበታል። ቢሆንም ከፍርስራሹ ተነሥቶ የተመልካቹን ደረጃ ደረደረ፤ ፈረሶቹን አስጋለበ፤ መታጠፊያው ላይ ከሠረገላው የወደቀ አንድ ነጂ በግንባሩ ደፋ። የቀረው ሕዝቡ ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ከየት ይምጣ? መስታወት አቆመና የራሱን ፊት እያየ ይቀርጽ ጀመር። አንዴ ሲስቅ፣ አንዴ ሲጮኽ፣ አንዴ አንገቱን አስግጎ ሲያይ።

ሚስቱ ሉክሬዚያ በሩ ላይ ቆመች።

«ኧረ አንተ ሰው! ወንድምህ ኦታቪዮ ከጋሪ ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ ከወንዙ ማዶ ብቻውን ተኝቷል። የቆየው ቂማችሁ ይቅርብህ፣ ሂድና አንሣው!»

«ልጨርስና እሄዳለሁ» አላት። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ጨረሰ። ቀለም ቀባ፣ ወረቀቱን አለበሰ፣ ተጫነው፣ ገለጠው።

ደረጃው ላይ የተቀመጠው ሁሉ እሱ ነው። ከላይ እሱ፣ ከታች እሱ። ያ ሁሉ ዓይን የወደቀው ሰው ላይ አፍጥጧል። ከመቀመጫው የተነሣ አንድ እንኳ የለም። ሉክሬዚያ ከኋላው መጥታ አየችና አማተበች።

«ይሄ የወደቀው ኦታቪዮ አይደል እንዴ?»

የነጂውን ፊት አሸዋ ውስጥ ደፍቶ ነበር የቀረጸው፤ በደንብ ያስታውሳል። አሁን ነጂው ቀና ብሎ ያየዋል። የነጂውን ፊት ከመዳቡ ላይ ፋቀና ደግሞ አተመ። አሁንም ያየዋል።

ካባውን እንኳ ሳይደርብ ወንዙን ተሻገረ። ወንድሙ ቤት ደርሶ በሩን ገፋው። ፈራና ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ከጨለማው ውስጥ አንድ የደከመ ድምፅ መጣ።

«የመጣኸው ልታየኝ ነው ወይስ ልታነሣኝ?»

ወገኖቼ፣ ሰውየው እያለቀሰ ገባና ክንዱን ከወንድሙ ጀርባ ሥር አስገባ። እናንተስ? በየሰፈራችን የወደቀ ሰው አለ። መውደቁን እናውቃለን፤ እንዴት እንደወደቀ ቁጭ ብለን አሳምረን እናወራለን። ከደረጃው የወረደ ግን ማነው? እስቲ ንገሩኝ፣ ማነው?

ይህን ስናገር አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል አይደል? አዎ፣ እሱ ነው። ቀና ብሎ ያያችኋል።