ማንም ያልጣለው ቢላዋ

አንድ ገበሬ ነበረ። ስድስት ጥማድ በሬ ያለው፣ ጎተራው የማይጎድል፣ በሸንጎ ሲናገር የሚሰማ ሰው ነበረ። ይህ ሰው ከእርሻውም ከክብሩም አስበልጦ የሚወደው አንድ ነገር ነበረው፤ ቢላዋ መሥራት።

ነገሩ የጀመረው ማረሻ ሊያስል ቀጥቃጭ ቤት በሄደ ጊዜ ነው። ተራው እስኪደርስ ተቀምጦ ሲያይ፣ ቀጥቃጩ ከአሮጌ መኪና ባላስትራ የቈረጣትን ብረት አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ውሃ አጠጥቶ ስለት አወጣላት። ገበሬው ዓይኑን መንቀል አቃተው። ስለቷን ለምኖ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ገደል ሥር ወድቆ ከሞተ አጋዘን ያገኘው ቀንድ ነበረው፤ ቀቅሎ ውስጡን አወጣ፣ በመጋዝ ቈረጠ፣ በሻካራ ድንጋይ አሸ፣ በጋለ ብረት በሳና ስለቷን ሊሰካባት ሞከረ። የመጀመሪያዋ እጀታ ጠማማ ወጣች። ሁለተኛዋ ተሰነጠቀች። ሦስተኛዋን ሲጨብጣት ግን፣ «ከእጄ ላይ የበቀለች መሰለችኝ» ብሎ ለሚስቱ ነገራት።

«ቤቱን እኮ በቀንድ ሽታ ፈጀኸው!» አለችው። ቢሆንም ሣቀች፤ እንዲህ ደስ ብሎት ካየችው ብዙ ዘመኗ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለቱን ከቀጥቃጩ እያስወጣ፣ እርሻ በሌለበት ወራት ሁሉ ከጎተራው ጥላ አይጠፋም። አፎቱንም ራሱ ይሰፋ ጀመር፤ የጥጃ ቆዳ አርጥቦ በስለቱ ልክ ይጠቀልላል፣ በወስፌ እየበሳ በጅማት ይሰፋል፣ በጥላ ያደርቃል። አንዱንም አልሸጠም። ለማን ምን እንደሚስማማ እያሰበ ይሰጥ ነበር። ሁለት ጣቱ ለጎደለ ንብ አርቢ አጭር እጀታ፣ ለአዋላጂቱ ቀጭን ስለት፣ ለአገሩ ዳኛም ከወገባቸው ጋር የሚሄድ ባለጌጥ አፎት።

በዚያ አገር ግን ብረት የሚቀጠቅጥና ቆዳ የሚሰፋ ሰው ይናቅ ነበር። ማረሻውን ይፈልጉታል፤ ሠሪውን ከገበታቸው አያቀርቡትም። ገበሬው በዚህ ሥራ መዋሉ ሲሰማ መጀመሪያ ሣቁ፤ ቈይተው አንሾካሾኩ። በመጨረሻም ሴት ልጁ ልትዳር ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ የሙሽራው አባት «ከቀጥቃጭ ጋር አልዛመድም» ሲል ላከበት።

ልጂቱ እጮኛዋን ትወደው ነበር። ፊቷ ገረጣ፤ ግን «አባዬ፣ እኔ ተው አልልህም» አለችው። እሱን የጎዳው ይህ ነው። ብትወቅሰው በቀለለው ነበር።

«ለልጄ ስል ልተወው» ብሎ ቀጥቃጩን ሊሰናበት ሄደ።

ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ይተውት፣ ጌታዬ» አለው። «እኔስ ተወልጄበት ነው። እርስዎን ማን አስገደደዎት?»

«ማንም» አለ ገበሬው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ገረመው። ማንም ያላስገደደውን ሥራ ማን ያስጥለዋል? ሳይሰናበት ተመለሰ።

በሳምንቱ ሸንጎ ጠራው። አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ዳኛው፣ «ወይ ይህን ሥራ ተው፣ ወይ ከሽማግሌዎች ወንበር ተነሥ» አሉት።

ገበሬው ተነሣ። ጋቢውን አውልቆ ከሸንጎው መካከል ሣሩ ላይ ዘረጋው።

«እሺ፤ እተወዋለሁ» አለ። «ግን እጄ የረከሰ ከሆነ፣ የረከሰ እጅ የሠራውን ይዛችሁ አትዋሉ። ከእኔ ቢላዋ የተቀበለ ሁሉ እዚህ ጋቢ ላይ ይጣል። የመጨረሻው ሲወድቅ እኔም ዳግመኛ ወስፌ አልይዝም።»

ገበሬው አንዱ ከጣለ ሁሉም እንደሚከተሉ ያውቃል። የንብ አርቢው እጅ ወደ ወገቡ ሄደ። ሰውዬው ግን ኩታውን ጎተተና አፎቱን ሸፈነበት።

ይሄኔ አዋላጂቱ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። «እኔ አልጥልም! በዚህች ቢላዋ የስልሳ ልጅ እትብት ቈርጫለሁ። እሷ ከረከሰች፣ ቤት ለቤት እየዞርሁ ልጆቻችሁን ረክሳችኋል ልበላቸው?»

ሸንጎው በሣቅ ፈነዳ። «ዳኛው ይጀምሩልን!» አለ አንዱ ከኋላ።

ዳኛው ወደ ወገባቸው አዩ። አውራ ጣታቸው ሳያውቁት የቢላዋቸውን እጀታ እያሸ ነበር። «ይቺ እንኳ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ወደ ገበሬው ዞረው፣ «ጋቢህን አንሣ፤ ጭቃ ይነካብሃል» አሉት።

እልልታው አካባቢውን አናወጠው። የሙሽራው አባት ብቻ ቈሞ ቀረ። «እኔማ የምጥለው የለኝም» አለ። «መቼ ሰጠኸኝና!»

«እሰጥሃለሁ» አለው ገበሬው። «ስለቱን የሚያወጣው ግን ያ ሰው ነው።» ራቅ ብሎ ወደ ቈመው ቀጥቃጭ አመለከተ። «በሠርጉ ቀን ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ ከቈረስህ፣ ያለኝ ምርጥ ቀንድ ያንተ ነው።»

ሰውዬው መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ ሙሽራ ልጁን አየ። «ይሁን» አለ።

በሠርጉም ቀን ቀጥቃጩ ከሙሽሮቹ ዘመዶች እኩል ተቀመጠ። ሙሽሪት በእጇ አጐረሰችው፤ አማቷም ቀጥሎ አጐረሰው። ገበሬው በልብሱ ላይ የቀንድ ብናኝ እንዳለ፣ እስኪያረጅ ድረስ በሽማግሌዎች ወንበር ተቀመጠ።

እንግዲህ ውድነሽ ልጄ፣ «የእጮኛዬ ቤተሰብ ስለናቁት ሸክላ መሥራቴን ልተው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ገበሬው አንቺ ነሽ። ሸንጎውም በማሰሮሽ ውሃ እየጠጣ የሚያማሽ ሰው ነው። ከምላሱ ጋር አትከራከሪ፤ በእጁ የያዘውን እንዲያስቀምጥ ብቻ ጠይቂው። ማስቀመጥ ካቃተው፣ እጁ በአፉ ላይ ፈርዶበታል። ስታሸንፊ ደግሞ ሠርግ ቤት ብቻሽን አትግቢ። ጭቃ ማቡካት ያስተማረችሽን ሴት እጇን ይዘሽ፣ ከፊትሽ አስቀድመሽ ግቢ።