የሾላ ዳር ታናሾች የሚጠየቁት

በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ባለችው ሾላ ዳር በምትባል ጸጥተኛ መንደር፣ በጋ በገባ ቁጥር ካያክ ሊቀዝፉና በሞተር ጀልባ ሊዝናኑ የሚመጡ እንግዶች ከሪዞርቱ ወርደው ጀልባ ላይ ሲቀመጡ፣ ባለጀልባው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በዕድሜ ከሁሉም ወደሚያንሰው ዞሮ «ደርቋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከታናሹ በቀር ማንም አይመልስም፤ እሱ «አልደረቀም» ካለም ጀልባው አይነሳም። እንግዶቹ ይስቃሉ፤ የፕላስቲክ ጀልባ ምኑ ይደርቃል? ይሳቁ። መነሻውን ቢያውቁ የሚስቁ አይመስለኝም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ድሮ የመንደሩ ጎረምሶች በየበጋው በደንገል ታንኳ እስከ ደሴቲቱ ደርሶ በመመለስ ይሽቀዳደሙ ነበር። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥራ ሲመለስ ቆሞ በፀሐይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቆይቶም ይሰምጣል። ባሏ የሞተባት አትጠገብ የምትባል ሴት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ታላቁ ይርዳው በቀዘፋ ተሸንፎ አያውቅም፣ ታናሹ መልካሙ ግን ገና መወዳደር መጀመሩ ነበር። በውድድሩ ዋዜማ ይርዳው ማገዶ ሲያመላልስ ውሎ ታንኳውን አርሶት ስለነበር፣ ጠዋት በታላቅነቱ ተመክቶ የመልካሙን ደረቅ ታንኳ ወሰደና የራሱን ለወንድሙ ተወለት ይባላል።

እናቲቱ ልትሸኛቸው ወርዳ «መልካሙ፣ ታንኳህ ደርቋል ወይ?» ብትለው፣ ይርዳው ቀድሞ «ደርቋል እማዬ፣ አታስቢ» አለ። መልካሙ ወንድሙን አየው፤ ታላቁን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነውር ሆኖበት ዝም አለ። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይህ ዝምታ ነው፤ ልጆቻችንን ያስተማርናቸው እኛው ነንና።

ከደሴቲቱ ሲመለሱ ነፋስ ተነሣ። ይርዳው ከኋላው ሲጠሩት ሰማ፤ ሊያዘናጉት የሚጮኹ መስሎት ዞር እንኳ ሳይል ቀዘፈ፣ አንደኛም ወጣ። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት አትጠገብ ውሃ ውሃውን ታይ ነበር። ሌሎቹ ተራ በተራ ገቡ፣ መልካሙ ግን አልመጣም። ታንኳው ከውሃው እኩል ሆኖ ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም።

እንደሚነገረው እናቲቱ አልረገመችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ሕዝቡ እንደቆመ ወደ ይርዳው ሄዳ «ደርቋል ወይ?» አለችው።

«አልደረቀም እማዬ» አለ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሐይቁ ላይ አልወጣም፤ ታንኳ በተነሣ ቁጥር ግን ዳር እየቆመ ከሚሳፈሩት በዕድሜ የሚያንሰውን ይጠይቅ ነበር ይባላል።

ባለፈው በጋ ከከተማ የመጣ አንድ አባት ቤተሰቡን ይዞ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ትንሿ ልጁ ስትጠየቅ አጎንብሳ «አልደረቀም» አለች። አባትየው «ቀልዷን ነው! አስነሳው ወንድሜ፣ እንሂድ!» ብሎ ተቆጣ። ባለጀልባው አልተከራከረውም፤ እጁን ዘርግቶ ልጅቱን ወደ ዳር አወረዳት። ምን እንዳስፈራት የጠየቃት የለም። አባትየው ጥቂት እንደተኮሳተረ ቆየና እሱም ተከትሏት ወረደ።