በእትዬ ወሰኔ በር የተንበረከከው ግመል

ስሙኝማ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ! ወሬ የሚወድ ጆሮውን ያቁም፤ የማይወድም ግድ የለም፣ ሳይወድ ይሰማል።

እትዬ ወሰኔ የሚባሉ የባቲ ሴት ነበሩ። ሦስት ዓመት ያላዩት ልጃቸው አንዳርጌ በገበያ ቀን ደወለ። «እማዬ፣ ወደ ሚሌ እያለፍኩ ነው። አውቶቡሱ ባቲ ለምሳ ይቆማል፤ መናኸሪያ ጠብቂኝ።» እትዬ ወሰኔ እልል አሉ፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው በሩን ገፉት። ወይ ፍንክች! በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ ደግሞ አንድ ግመል በሩን ተደግፎ ተንበርክኳል። አጥሩም ቁልቋል ነው፤ በዚያ የሚዘል ቆዳውን የጠላ ብቻ ነው።

«ተነስ! ተነስ እንጂ፣ አንተ ጠማማ!» አሉት በአማርኛ። ግመሉ ያመነዥካል። ግመል አይነሳ፣ በር አይከፈት፣ ልጅ አይገኝ!

«ሞሚናዬ፣ ድረሺልኝ! አንዳርጌ ሊያልፈኝ ነው!»

ቅቤ ሻጯ ጎረቤታቸው ሞሚና ቅሏን ጥላ ሮጣ መጣች። አማርኛም ኦሮምኛም ትችላለች። በኦሮምኛ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ረገመችው። ግመሉ ያመነዥካል። «እትዬ፣ ይሄ የቆላ ግመል ነው፤ አፋርኛ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል!» አለች። አፋርኛ የሚያውቅ አይመጣ፣ ግመል አይነሳ፣ በር አይከፈት፣ ልጅ አይገኝ!

ሞሚና ጨው ሻጩን ኢሴን እጁን ጎትታ አመጣችው። ኢሴ አፋር ነው፤ አማርኛ አይሰማም፣ ኦሮምኛ ግን ገበያ አስተምሮታል። በአፋርኛ ቢያዘው ግመሉ ቀና ብሎ አየውና መልሶ አንገቱን ደፋ። ኢሴ ለሞሚና በኦሮምኛ ነገራት፣ ሞሚና በአጥሩ ላይ በአማርኛ ጮኸች፦ «ቋንቋውስ ገብቶታል፣ እትዬ! ግን ከባለቤቱ ከያዮ በቀር ለማንም አይነሳም!» ያዮ አይመጣ፣ ግመል አይነሳ፣ በር አይከፈት፣ ልጅ አይገኝ!

ኢሴ ወደ ያዮ በረረ፣ ብቻውን ተመለሰ። ያዮ ከግራር ሥር፣ ከበረሃ ከመጣው ከሐመዱ ጋር ዳጉ ይዟል። ዳጉን ታውቁታላችሁ አይደል? ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ያዩትን የሰሙትን ሁሉ ሳይነጋገሩ አይለያዩም፤ ማቋረጥ ነውር ነው። ሐመዱ አይለቅ፣ ያዮ አይመጣ፣ ግመል አይነሳ፣ በር አይከፈት፣ ልጅ አይገኝ!

«ታዲያ ለምን አይጨርሱም?» አሉ እትዬ ወሰኔ ሊያለቅሱ ቃጥቷቸው።

ሞሚና ጠየቀች፣ ኢሴ መለሰ፣ ሞሚና ጮኸች፦ «ሐመዱ የበረሃውን ወሬ ጨርሶ ሰጥቷል! አሁን የባቲን ወሬ ይጠብቃል። ያዮ ደግሞ አራት ቀን ባቲ ከርሞ ሰው የሚለው አንዲት ቃል አልገባውም፤ ምን ይንገረው?» ወሬ አይገኝ፣ ሐመዱ አይለቅ፣ ያዮ አይመጣ፣ ግመል አይነሳ፣ በር አይከፈት፣ ልጅ አይገኝ!

ያኔ ስልኩ ጮኸ። «እማዬ፣ በልተን ጨርሰናል፤ ሾፌሩ ግቡ እያለ ነው። የት ነሽ?»

«ወሬ ነው የጠፋው?» አሉ እትዬ ወሰኔ ዘለው። «እኔ እያለሁ ወሬ ጠፋ? በይ ንገሪልኝ! ሦስት ዓመት ያላየሁት ልጄ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ እኔ እናቱ በገዛ ቤቴ ግመል ዘግቶብኝ ሳላየው በአውቶቡስ ሊያልፍ ነው በያቸው!»

ሞሚና በኦሮምኛ ለኢሴ፣ ኢሴ ወደ ግራሩ ሮጦ በአፋርኛ ለያዮ፣ ያዮ ለሐመዱ። ሐመዱ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ጠየቀ፦

«ግመሉ የማን ነው?»

«የእኔ» አለ ያዮ።

«ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ተነስ!»

ይኸውላችሁ! ወሬ ተገኘ፣ ሐመዱ ለቀቀ፣ ያዮ መጣ፣ አንዲት ቃል በለሆሳስ ተናገረ፣ ግመል ተነሳ፣ በር ተከፈተ፣ እትዬ ወሰኔም በአንድ እግር ጫማ ብን አሉ፤ ሞሚናና ኢሴም ተከተሏቸው!

መናኸሪያ ሲደርሱ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ከፊቱ ግን ከግራሩ ሥር በቀጥታ ሮጦ የቀደማቸው ሐመዱ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሾፌሩ በአማርኛ ይጮኻል፣ ሐመዱ በአፋርኛ ይጮኻል። አንዱም የሌላውን አይሰማም፤ አውቶቡሱ ግን አልሄደም።

አንዳርጌ በመስኮት አያቸው፣ ዘሎ ወረደ። እትዬ ወሰኔ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፣ ሳሙት፣ ደግመው ሳሙት፣ ከዚያ ገፋ አድርገው አዩት። «አንተ! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው? አትበላም እንዴ?»

«ምን አለችው?» አለ ሐመዱ በአፋርኛ።

ሞሚና ለኢሴ ነገረች፣ ኢሴ ለሐመዱ ነገረ። ሐመዱ ሳቁ አመለጠው። «የእኔም እናት ባየችኝ ቁጥር ይህንኑ ነው የምትለኝ!»

ተረቴ ከእናንተ ደረሰ፤ ከእናንተ ደግሞ ሌላ ይድረሰኝ።