እየበላ የተራበው ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጨጓራው ውስጥ ካንሰር የወጣበት» አሉ ሽማግሌው የቀዶ ጥገና መምህር። ወጣቱ ሐኪም፣ ሆድ በከፈትን ቁጥር አንጀቱን ከመነሻው ጀምረን በእጃችን እንድንከተል ለምን ያስገድዱናል፣ ቦታውን እናውቀው የለም ወይ፣ ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ገበሬውን የተቀበለው ሐኪም በእጁ ፍጥነት የተመሰገነ ነበር። የታመመውን ጨጓራ አጥርቶ ቆረጠ። የተረፈውን ከትንሹ አንጀት መነሻ ጋር ለማገናኘት፣ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ግራ ሰደደና ያገኘውን ስቦ ሰፋ። ዓይኑ እጁን አልተከተለውም።

የዚህ ሰው አንጀት ግን ሲፈጠር ጀምሮ ዞሮ የተቀመጠ ነበር። መነሻው በቀኝ ነው። ሐኪሙ ከጨጓራው ጋር የሰፋው የአንጀቱን መጨረሻ አካባቢ ነበር።

ገበሬው አገሩ ገባ። ይበላል፤ የበላው ግን ሰውነቱን ሳይጠቅም ያልፋል። ሚስቱ ገንፎውንም አጥሚቱንም እያፈራረቀች አቀረበችለት፤ እሱ ግን መነመነ። ጎረቤቱ፣ «ብታበላውማ እንዲህ ይሆን ነበር?» ይል ጀመር። ይህን ስትሰማ በሯን ከፍታ፣ ሰው እያየ ታጎርሰው ነበር። እሱም ለእሷ ሲል፣ ባይፈልግም ይውጣል።

ወደ ሐኪሙ ሲመልሱት፣ «ካንሰሩ አገርሽቶበታል፤ ቤቱ ይረፍ» አላቸው። ይህንንም ሳያይ ነው ያለው። ውሎ አድሮ ልቡ አላርፍ ስላለው አስጠርቶ ከፈተው። ካንሰር የለም። ያገኘው የራሱን ስፌት ነው። አስተካክሎ ሰፋው፤ ሰውየው ግን የሚድንበት አቅም አልቀረውም።

ሐኪሙ ለቅሶ ሄደ። የሟቹ ሚስት ድንኳኑ ጥግ ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ማንም የለም። ፊቷ ቆመና ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እሷ አብልታዋለች። ያስራብኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። «ምነው እሱ ይህን ሰምቶ በሞተ» አለችው።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ቦታውን እናውቀዋለን አልከኝ። ያ ሐኪምም ያውቅ ነበር፤ የሚያውቀው ግን የሌላ ሰው ሆድ ነው። አንተም ልጄ፣ አውቃለሁ ብለህ ዓይንህን ያነሳህ ቀን ያ እጅ ያንተ እጅ ነው። አሁን የምንከፍተው ሰው ሚስት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ስንገባ አይተሃታል። ሲወጣ ምን ላብላው ብላ ጠይቃኛለች።»