ሳይለብስ ያደረ ብረት

አንድ ሰው ነበረ፤ ከአባቱ አሮጌ መኪና የወረሰ። «ወንድሜ ለምን ራቀኝ?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ መልሱ ያለው ከዚህ ሰው ዘንድ ነው። መኪና ምን አገባው አትበለኝ፤ ቁጭ ብለህ ስማ።

መኪናዋ ክብ መብራት ያላት፣ የድሮ ሰው ሥራ ነበረች። አባትየው በሕይወት ሳለ ዝገት ባየባት ቁጥር ስቱኮ እየሞላ፣ በላዩ ቀለም እየደረበ፣ እንዲሁ ሲሸፋፍናት ኖሮ ሞተ። ልጁ ግን መኪናዋ እንደተገዛችበት ቀን ሆና ሊያያት ተመኘ። ከአባቱ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። በሙት ዓመቱ ዕለት ራሱ እየነዳት ወደ መቃብሩ ሊሄድ ለራሱ ቃል ገባ። ስለዚህ ከተማው ዳር ወዳለ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ወሰዳት። የመኪና ላሜራ ሲቀጠቅጥና ሲያቃና ያረጀ፣ ቃሉ አጭር፣ ፊቱም ቶሎ የማይፈታ ሰው ነበር።

ሽማግሌው በጣቱ አንጓ እያንኳኳ መኪናዋን ዞራት።

«ብዙ ተበልታለች» አለው። «ዝገት ሲፋቅ ብቻውን አይወጣም፤ ብረትም ይዞ ይወጣል። ይቺ አንድ ጊዜ ብትፋቅ ትችላለች። ሁለተኛ ግን አትችልም። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለ ሰውየው። የሰማ መስሎት ነበር።

ሽማግሌው ሁለት ሳምንት ሠራ። ቀለሙን አወረደ፤ ስቱኮውን በመሮ አነሳ፤ ከሥሩ ያገኘውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት እያሸ አስለቀቀ። የፋቀውን ክፍል ሥራ ከማቆሙ በፊት በዘይት ጨርቅ ያብሰው ነበር፤ እንዲያ ካልሆነ በማግሥቱ ቢጫ ሆኖ እንደሚያገኘው ያውቃል። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ዘይቱን በቤንዚን አጥቦ አደረቀና አንቲረስቱን በጣሳ በጠበጠ። ይህ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ፣ ብረቱን ከአየርና ከእርጥበት የሚጠብቅ፣ መልኩም አመድ የሚመስል ነገር ነው። ልክ ሊቀባ ሲል ባለቤቱ ደረሰ።

ሰውየው መኪናዋን ሲያያት ባለበት ቆመ። ዝገት የለ፣ ቀለም የለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ብረት ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። አለቀሰ። እኔ አልስቅበትም፤ የወደዱት ነገር ከነእውነቱ ሲገለጥ ማየት ያስለቅሳል።

«ይኼንን ነው በአመድ የሚሸፍኑት?» አለ። «አንድ ሳምንት ብቻ ይቆይልኝ፤ ዘመድ ይየው።»

«ብረት ራቁቱን አያድርም። ዛሬ ገለጥኩት፣ ዛሬውኑ ላለብሰው ነው። እጅህንም አንሳ፤ የሰው እጅ ላብ አለው።»

«ጥቅምት ነው እኮ ጋሼ፤ ዝናብ የለ፣ ምን የለ።»

«ዝናብ አልኩህ እኔ? እጅ ነው ያልኩህ!»

ሰውየው ግን መኪናዋ የኔ ናት አለ። በጭነት መኪና አስጭኖ ወሰዳትና ከቤቱ በረንዳ ፊት ለፊት አቆማት።

ሰው መጣ። አክስቱ መጥታ የሕፃን ራስ እንደምትዳብስ ጣሪያዋን ዳበሰች። የአባቱ ጓደኞች መጥተው በሯን ይዘው ሟቹን እያነሱ አለቀሱ። ጎረቤቱም የሞተሩን ክዳን መታ መታ አድርጎ «ብረትስ ድሮ ቀረ» አለ። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። ሰውየው ራሱ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ይወዳት ነበርና በየማለዳው ከቤት ሲወጣ መዳፉን በሞተሩ ክዳን ላይ ያሳርፋል። ገና ያላያት ሰው መቼም አይጠፋም፤ ሳምንት የተባለው ሁለት ወር ሆነ።

መጀመሪያ ቢጫ ነገር ታየ። ጠረገው፤ አልለቀቀም። በውሃ አሸው፤ ባሰበት። ከዚያ የዝገቱ ቅርጽ እየለየ መጣ። እጅ ነበር። በሩ ላይ አራት ጣት፣ ጣሪያው ላይ የአክስቱ መዳፍ፤ የሞተሩ ክዳን ላይ ደግሞ ከሁሉ የጠለቀ አንድ ሰፊ መዳፍ። ሰውየው የራሱን እጅ ቢያስቀምጥበት ልክክ አለ።

መልሶ አስጭኖ ወሰዳት። ሽማግሌው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለው ነበር። ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ ያንን ሰፊ መዳፍ ያሽ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ እጁን ገታ። ላሜራው ተበስቶ ከሥሩ ያለው ጨለማ ታየ። በሩ ላይ ሞከረ፤ እዚያም ተበሳ።

«ስቱኮ ይሙሉባት» አለ ሰውየው።

«አባትህም ያደረገው ይኼንኑ ነው» አለው ሽማግሌው። ብርጭቆ ወረቀቱንም አስቀመጠ። የሙት ዓመቱ ዕለት ሰውየው ወደ መቃብሩ በእግሩ ሄደ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ወንድምህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ደብቆህ ኖረ። እናታችሁ ስታጣጥር ና ተብሎ የተላከበት መልእክት አልደረሰኝም ብሎ ነበር። ደርሶት ነበር፤ ስትሞት ማየት ፈርቶ ቀረ። አምና መጥቶ ያንን ሁሉ ከላዩ ፍቆ አሳየህ። አቅፈኸው አለቀስህ፤ ይቅርም አልከው። ይቅርታህ እውነት ነው፤ አልጠራጠርም። ግን ያን ዕለት አንድ ሥራ ቀርቶህ ነበር። የወንድምህን ገመና ማልበስ ነበረብህ። ተከድኖ ይብሰል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። አንተ ግን ለሚስትህ ነገርክ፤ ለማኅበርተኞችህ ነገርክ፤ በጎረቤት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ እሱ ራሱ ተቀምጦ ሳለ፣ «እንደ ወንድሜ ያለ እውነተኛ የት ይገኛል!» ብለህ ታሪኩን ለሰው ሁሉ ዘረገፍከው።

«ላመሰግነው ብዬ እኮ ነው» ትለኛለህ። አውቃለሁ። ሰውየውም ብረቱን የዳሰሰው ወዶ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ፤ ምስጋናም ቢሆን።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሄጄ ያንን ነገር እንደገና እናውራው ልበለው?» ትለኛለህ። እንዳትለው! ወንድምህ የቻለው አንድ ጊዜ ነው። ሂድና በደልኩህ በለው። በሩን ከከፈተልህ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ አውራ፤ ያቺን ነገር ግን አታንሳት። ላይከፍትልህም ይችላል። ባይከፍት አትፍረድበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይከብድሃል። ወንድሜ ለምን ራቀኝ ብሎ ለመጠየቅ ያቺው አንዲት ጥያቄ ትበቃህ ነበር። እኔ ወንድምህን አላውቀውም፤ ፊቱንም አይቼው አላውቅ። እናቱ ስትሞት ለምን እንደቀረ ግን ዛሬ አውቄያለሁ። ማን ነገረኝ?