የባትሪው ዘብ

ተረቴን ላምጣ፣ እናንተም ጆሯችሁን አምጡ።

ድሮ፣ ዕቃም እንስሳም በሚነጋገርበት ዘመን፣ በጋሽ ድንበሩ አሮጌ መኪና ኮፈን ሥር አንድ ጠንቃቃ ባትሪ ይኖር ነበር። ጥፋት ሲፈጠር አስቀድሞ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ስትልም፣ «ምናልባት እኔ ሰንፌ ይሆናል» አለ።

ጎረቤት ተጠርቶ ገፋ። በማግስቱም ገፋ።

«ጋሽ ድንበሩ፣ መኪናዎ እኛን ነው እንዴ የምትነዳው?» አለ አንዱ እያለከለከ።

ጋሽ ድንበሩ አፈሩ። «እስከ እሑድ እታገሣለሁ። ከዚያ ይህን ባትሪ ቁራሌው ከአሮጌ ብረቱ ጋር ይውሰደው!»

ባትሪው ደነገጠ። ኮፈኑ ሥር የምትኖረውን አይጥ ጠራት።

«እመት አይጥ፣ ማታ ሞልቼ ጠዋት ባዶ እሆናለሁ፤ አንዱ ጉልበቴን እየጠጣብኝ ነው። አንድ ባንድ ልፈትሻቸው። ጥርስሽን አውሺኝ።»

«የማንን ሽቦ ልቁረጥ? አንተ ብቻ ንገረኝ!»

መጀመሪያ ሬዲዮን ጠየቀው። «እኔ? ሲዘጉኝ እተኛለሁ!» አለ። አይጧ ሽቦውን ቀረጠፈችው። ጠዋት መኪናዋ ተገፋች።

ቀጥሎ አምፖልን ጠየቀው። «እኔ? በሩ ሲዘጋ እጠፋለሁ!» አለ። አይጧ ሽቦውን ቀረጠፈችው። ጠዋት መኪናዋ ተገፋች።

በመጨረሻ፣ እየተሳቀቀ፣ አላርምን ጠየቀው። አላርም በሰፈሩ የባትሪ ሌባ ስለበዛ በቅርቡ የተገጠመ ዘብ ነው።

«ይቅርታ፣ ጉልበቴን የምትጠጣው አንተ ትሆን?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለ አላርም ሳያፍር። «እንዳትሰረቅ እኮ ነው እንቅልፍ ያጣሁት! ሳልጠጣ እንዴት ልንቃ?»

«ግን እየጨረስከኝ ነው።»

«ብታልቅም እዚሁ ታልቃለህ። ማንም አይወስድህም።»

አይጧ ትእዛዝ ሳትጠብቅ ሽቦውን ቀረጠፈችው።

እሑድ ጠዋት መኪናዋ ቁልፍ እንደዞረላት ተነሣች። ባትሪው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አመሰገነ። ጋሽ ድንበሩን ግን የአላርሙ ዝምታ አሳሰባቸው። ኮፈኑን ከፍተው የተቆረጠውን ሽቦ አዩ።

«ባትሪዬን ሊሰርቁኝ ነበር!» ብለው ጮኹ።

ሽቦውን አስቀጠሉ፤ ለጥንቃቄም ሁለተኛ አላርም አስገጠሙ። ሁለቱ ለሙከራ ባንድ ላይ ሲጮኹ አይጧ ሰፈር ለቃ ሸሸች።

በማግስቱ መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። ቁራሌው ተጠራ። ባትሪውን ነቅሎ፣ ጆንያው ውስጥ ከትቶ፣ ተሸክሞት ሄደ። ሁለቱ ዘቦች እያዩ አንዳቸውም አልጮኸም፤ የሚጮኹበት ጉልበት ጆንያው ውስጥ ነበርና።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመች። ዘብ የምታቆሙ ሁሉ፣ ዘቡ የሚበላው ከማን ላይ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።