እሑድ፣ አንድ ዋንጫ ጠጅ እና ሦስት ሕግ

ለተረቴ ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ሥራ ያለው ይሂድ። ብቻ ቶሎ ወስኑ። ይህ ተረት ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ ሰው ይሞታል።

ሦስት ግዛቶች በአንድ ወንዝ ዳር ይገናኙ ነበር፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ እና ቆላ። ወንዛቸው አንድ፣ ገበያቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ። እሑድ ሲመጣ ግን አይተዋወቁም። በደጋ እሑድ መጠጥ አይሸጥም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል ደግሞ ስለ መጠጥ ማውራትም ሆነ መጻፍ ያስቀጣል። በቆላ ከማለዳ ጀምሮ ይሸጣል፤ ግን እዚያው ጠጥተህ ትወጣለህ እንጂ አንዲት ጠብታ ይዘህ ከደጃፍ አታልፍም። በወይና ደጋ ደግሞ ለመንገደኛ ይሸጣል፣ ለአገሬው ሰው አይሸጥም። የአገሬው ሰው እሑድ አይጠማውም ብለው ይሆናል። ሕጉን ያወጡትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ባውቃቸው ኖሮ የምጠይቃቸው ብዙ ነበረኝ።

በወይና ደጋ፣ ከወንዙ ዳር፣ ውብርስት የምትባል ሴት ነበረች። አንዳርጌ የሚባል ታላቅ ወንድም፣ ልየው የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። ሁለቱ በአባታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። አንዱ በመጣበት መንገድ ሌላው አይሄድም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት። መካከል ላይ የምትቃጠለው ውብርስት ነበረች። ለምና፣ አስለምና፣ ስንት ደጅ ጠንታ፣ በዚያ እሑድ ከሽማግሌዎች ጋር በግቢዋ ካለው ዋርካ ሥር አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲሟገቱ ውለው ድንበሩን ቆረጡ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚያ አገር የታረቁ ሰዎች ከአንድ ዋንጫ ጠጅ ይጠጣሉ። ሳይጠጡ ከተነሱ እርቁ አልታሰረም፤ የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ውብርስት ጠጁን ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች። ጓዳ ውስጥ ፍየሏ ቆማለች። ገንቦው ተገልብጦ ተሰብሯል። ፍየሏ ጢሟን ትልሳለች።

አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልጠጣን፣» አለ ለሽማግሌዎቹ፣ «ነገ በማለዳ አጥሩን አፈርሰዋለሁ።»

ልየው በጉልበቶቹ መካከል የነበረውን ዱላ ጨበጠ። «ይሞክራትና ያየኛል!» አለ። ለወንድሙ አይደለም የተናገረው፤ ለዋርካው ነው። በሁለቱም ቤት ጠመንጃ እንዳለ የማያውቅ አልነበረም።

«ልጄ፣» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ዋንጫ ይበቃል። ከየትም ብለሽ አንድ ዋንጫ አምጪ። በአንድ እግርሽ!»

ውብርስት ነጠላዋን አጣፍታ ዋንጫውን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ሮጠች፤ ወደ ጠጅ ጣይዋ፣ ወደ እትዬ ጥሩአየር።

«እትዬ፣ በሞቴ! አንድ ዋንጫ ጠጅ ይሽጡልኝ!»

«የኔ ልጅ፣ አንቺ የዚሁ አገር ሰው ነሽ፤ እሑድ እንዴት አድርጌ ልሽጥልሽ?»

«እንዲያው ይስጡኛ!»

«ባለፈው ዓመት እንዲያው ብሰጥ ሁለት ወር ቤቴን አሸጉብኝ። እሑድ ከኔ ደጅ የወጣ ሁሉ እንደ ተሸጠ ይቆጠራል። ሂጂ፣ ከድልድዩ ዘበኛ የመንገደኛ ወረቀት አምጪ። ወረቀት ካለሽ ጋኑን ተሸክመሽ ብትሄጂም አልናገርሽ።»

ወረቀት ከሌለ ጠጅ የለም፤ ጠጅ ከሌለ እርቅ የለም። ውብርስት ወደ ድልድዩ ሮጠች።

የድልድዩ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አያት። «መንገደኛ? አንቺ? ትናንት ጎመን ስትሸጪ አላየሁሽም?»

«ወንድሞቼ ሊተላለቁብኝ ነው! አንድ ወረቀት ጻፍልኝ!»

ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛ ነበር። «እህቴ፣ ሕጉ ፊት አያይም፣ ማኅተም ነው የሚያየው። ደጋ ተሻገሪ፣ ጽሕፈት ቤቱ መዳፍሽ ላይ ማኅተም ያድርግልሽ፣ በዚሁ ድልድይ ተመለሺ። ያን ጊዜ ከደጋ የመጣሽ መንገደኛ ነሽ፤ ወረቀቱን ቆሜ እጽፍልሻለሁ።»

ማኅተም ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ጠጅ የለም፤ ጠጅ ከሌለ እርቅ የለም። ውብርስት ድልድዩን ተሻግራ ዳገቱን ወጣች። ፀሐይዋ በበኩሏ ቁልቁለቱን ጀምራለች።

የደጋው ጸሐፊ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ማኅተሙን እንደ ጫጩት በሁለት እጁ አቅፎታል።

«ጌታዬ፣ ማኅተም ያድርጉልኝ፤ ጠጅ ልገ...»

«ዝም!» ጸሐፊው ግራ ቀኙን አየ። «ደወል ሳይደወል የዚያን ነገር ስም ትጠሪያለሽ? እኔ አልሰማሁም። አንቺም አላልሽም።»

«እሺ፣ አላልኩም። ማኅተሙን ብቻ።»

«ማኅተሙም የሚደረገው ለዚያው ነገር አይደል? ደወሉ ይደወል፣ ወዲያው አደርግልሻለሁ። እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድ።»

ደወል ከሌለ ማኅተም የለም፤ ማኅተም ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ጠጅ የለም፤ ጠጅ ከሌለ እርቅ የለም። ውብርስት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠች። ጎኗን ወጋት፤ አልቆመችም።

ደዋዩ ሽማግሌ ናቸው። የደወሉን ገመድ እንደ ያዙ ወንዙን ቁልቁል ያያሉ።

«አባቴ፣ ይደውሉልኝ! እግርዎ ላይ ልውደቅ!»

«ተነሽ ልጄ፣ ተነሽ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እጄ ገመዱ ላይ ነው። ግን ሃያ የሚሆኑ ሰዎቻችን ለሠርግ ቆላ ወርደዋል። የወጣው ሳይመለስ ደወል አይደወልም፤ የደጋ ሕግ እንዲያ ነው። ያውልሽ ታንኳው፣ እዚያ ማዶ ታስሮ ቆሟል። እሱ ወደዚህ ሲሻገር ካየሁ ለአንድ አፍታም አልቆይ።»

ታንኳ ከሌለ ደወል የለም፤ ደወል ከሌለ ማኅተም የለም፤ ማኅተም ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ጠጅ የለም፤ ጠጅ ከሌለ እርቅ የለም። ውብርስት የወጣችውን ዳገት ወረደች፤ ድልድዩን ተሻገረች፤ ወንዙ ዳር ደረሰች። ጥላዋ ረዝሞ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ወንዙ ሰፊ ነው። ባለታንኳው ከማዶ፣ ከቆላ በኩል፣ ታንኳው ላይ ተጋድሟል፤ የደጋ ሠርገኞች አጠገቡ ቁጭ ብለው ይዘፍናሉ።

«ባለታንኳ!» ብላ ጮኸች። «ለምን አትሻገርም?»

«ቀምሻለሁ!» አለ ከማዶ።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ የቀመሰ ሰው እሑድ መቅዘፊያ አይነካም! ሕግ ነው!»

«እዚያው እየሸጡልህ?»

«መጠጣት ይፈቀዳል! መቅዘፍ አይፈቀድም!» ይህን ሲል የተማረረ አይመስልም ነበር። «የታንኳው ገመድ ያውልሽ፣ እናንተ ዳር ታስሯል! ከዚያ በኩል ከጎተታችሁን እንመጣለን! ሁለት ጉልበት ያላቸው፣ ያልቀመሱ ሰዎች አምጪ! የቀመሰ ገመድም አይነካም!»

ውብርስት ዞር ብላ አገሩን አየች። ዘበኛው ከድልድዩ አይለይም። እትዬ ጥሩአየር ከጠዋት ጀምራ ጠጇን ስትቀምስ ነው የዋለችው፤ መቅመስ መሸጥ አይደለማ። የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ማኅበር ነበራቸው፣ በተረኛው ቤት የማኅበር ጠላ ሲጠጡ ውለዋል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። በዚህ ሁሉ አገር፣ በዚህ እሑድ፣ ጠብታ ያልነካው ጉልበተኛ ከየት ይመጣል?

ሳቢ ከሌለ ታንኳ የለም! ታንኳ ከሌለ ደወል የለም! ደወል ከሌለ ማኅተም የለም! ማኅተም ከሌለ ወረቀት የለም! ወረቀት ከሌለ ጠጅ የለም! ጠጅ ከሌለ እርቅ የለም! ውብርስት ይህን ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ገደሉም «የለም... የለም...» እያለ መለሰላት። እንባዋ መጣ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ብድግ አለች።

ዋንጫውን ሲጠብቁ አፋቸው ደርቆ የዋሉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ አንዳርጌ ነው። አንዱ ልየው ነው። ወደ ዋርካው ሮጠች።

«ጋሼ አንዳርጌ! ልየው! ተነሱ!» ትንፋሿ ተቆራርጧል። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ሳቢውን፣ ታንኳውን፣ ደወሉን፣ ማኅተሙን፣ ወረቀቱን፣ ጠጁን።

«እሱ የያዘውን ገመድ አልይዝም፣» አለ አንዳርጌ።

«እኔ ነኝ የማልይዘው፣» አለ ልየው ለዋርካው።

ያን ጊዜ ውብርስት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በወንድሞቿ ላይ ድምጿን ከፍ ያላደረገች ሴት፣ ፈነዳች። «ሁለታችሁንም እንድቀብር ነው የወለደችኝ እናቴ? የማንኛችሁን ሬሳ አስቀድሜ ላልቅስ? ገመዱ ረጅም ነው! አንዳችሁ ፊት፣ አንዳችሁ ኋላ ያዙ! ተያዩ አላልኩም፣ ሳቡ ነው ያልኩት!»

አንዳርጌ ተነሳ። ልየውም ተነሳ። በሁለት የተለያየ መንገድ ወደ ወንዙ ወረዱ።

አንዳርጌ ፊት ያዘ፤ ልየው ኋላ። አንዱ ሲስብ ሌላው ያርፋል፤ ሌላው ሲስብ አንዱ ያርፋል። ታንኳው ንቅንቅ አላለም፤ ገመዱ ብቻ መዳፋቸውን ላጠው። ውብርስት ቆማ ልታይ አልቻለችም፤ ፀሐይዋ ከገደሉ ጫፍ አንድ ክንድ ቀርቷታል፣ ደጋ ደግሞ ሩቅ ነው። ይጎትቱ ይደባደቡ ሳታውቅ ትታቸው ሮጠች።

ጸሐፊው መስኮት ስር ደርሳ መዳፏን ዘረጋች። ጸሐፊው ማኅተሙን ቀለም ውስጥ ነክሮ አየር ላይ ያዘው። ሁለቱም ጆሯቸውን ጣሉ። ምንም የለም። ከማኅተሙ ቀለም አንድ ጠብታ መስኮቱ ላይ ወደቀ። አሁንም ምንም የለም። አንዱ ዱላውን አንስቶ ይሆን? ብላ አሰበች። አምላኬ፣ ምን አድርጌ ነው አንድ ገመድ ያስያዝኳቸው?

ዳን!

ተደወለ! ሳቢ ተገኝቷል፣ ታንኳው ተሻግሯል፤ ታንኳው ተሻግሯል፣ ደወሉ ተደውሏል፤ ደወሉ ተደወለ፣ ጸሐፊው ማኅተሙን መዳፏ ላይ አሳረፈ፤ ማኅተሙን አየ፣ ዘበኛው ቆሞ ወረቀቱን ጻፈ፤ ወረቀቱን ተቀበለች፣ እትዬ ጥሩአየር ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላች። ውብርስት ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየሰጋች፣ እንዳይመሽባት እየሰጋች፣ ወደ ወንዙ ወረደች።

ወንዙ ዳር ጥላ ነበር። ፀሐይ የለችም።

ወንድሞቿ ታንኳው አጠገብ ቆመዋል፤ መዳፋቸው ተልጦ ደም ይዟል። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ቆመዋል። ውብርስት ዋንጫውን ወደ አንዳርጌ ዘረጋች። «ጠለቀች፣» አለች። «ጋሼ፣ ጠለቀችብኝ። አልደረስኩም።»

አንዳርጌ ዋንጫውን ተቀበላት። ከዚያ አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ። ከላይ፣ ደጋው ጫፍ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ገና ያበራል።

«ደጋ ላይ አልጠለቀችም፣» አለ። «እኔ ዛሬ በደጋ ሕግ ነው የምዳኘው።»

ግማሹን ጠጣ። ከዚያ ዘወር አለ። «እንካ፣ ልየው።»

ሰባት ዓመት ከአፉ ያልወጣ ስም ነው። ልየው ዋንጫውን ተቀበለ፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ዱላውን ለካ ዋርካው ሥር ረስቶታል። ውብርስትም ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ይህኛው ለቅሶ ያልጎዳት ነው።

ታንኳው እንዴት ተሳበ ካላችሁ፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ከሁለቱ አንዱ «ሳብ!» አለ፣ ሌላው አብሮ ሳበ። ማን እንዳለ ግን እስካሁን አልታወቀም። አንዳርጌ እኔ ነኝ ይላል፣ ልየው እኔ ነኝ ይላል። በዚህ እንዳይጣሉ እሰጋለሁ፤ ከተጣሉ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ልነግራችሁ ነው።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃች። ፍየሏስ ካላችሁኝ፣ ፍየሏ ደህና ናት። በዚያ እሑድ፣ በውብርስት ግቢ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ማኅተም፣ ደወልም ሳትጠብቅ የጠጣች እሷ ብቻ ናት።